ጨው አነሰ ላልኩሽ ሁሉ

ይድረስ ለልጆቼ እናት ለአስካለ፤

ለሰው ደብዳቤ ስጽፍ አጀማመሬን ታውቂዋለሽ። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብዬ እከፍትና ቀሪውን አስጻፊው ይነግረኛል። ዛሬ አስጻፊውም ጸሐፊውም እኔው ሆኜ፣ ብዕሬን ቀለም ነክሬ ብዙ ተቀመጥሁ። አንቺን እንደምን ሰነበትሽ ብል መልስ አላገኝም። ደኅና ነኝ ብልሽ ደግሞ እንደ ወትሮሽ ውሸቴን ከፊቴ ላይ ታነቢዋለሽ። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ልግባ፤ ይቅር በይኝ።

ከተለየሽን ስድስት ወር ሆነ። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ሄድሽ፤ አሁን ግንቦት ገብቷል። ከፈላና በር ወጣ ብሎ ያለው ማሽላ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። በግቢያችን ጥግ የተከልሻት ሎሚ፣ «ይቺ ደግሞ ልትጸድቅ» ብዬ የሳቅሁባት፣ ሦስት ፍሬ ይዛ ታየች። ቤቱ ያው ነው፤ የምሰሶው ስንጥቅም እንዳለ ነው። አስተካክለዋለሁ እንዳልኩሽ አላስተካከልኩትም። የተለወጠው ማድቤቱ ነው። አንቺ አሁን ብትገቢ ድስቱ ያለበትን አታገኚውም፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስሁ ልንገርሽ።

የመጨረሻ ቃልሽን አልረሳሁም። እጄን ይዘሽ «ልጆቼን እንዳትበትናቸው» አልሽኝ። ለምን ያንን እንዳልሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺና እኅትሽ እትዬ የሺ ወላጆቻችሁ ሲሞቱባችሁ አንዷ በአጎት አንዷ በአክስት ቤት ተለያይታችሁ ነው ያደጋችሁት። አንድ ጊዜ ብቻ አጫወትሽኝ፤ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ጽጌን አርግዘሽ። በአክስትሽ ቤት የቀረበልሽን ሁሉ ጎንበስ ብለሽ በልተሽ ትነሺ እንደነበር፣ ጠገብሽ ወይ ቢሉሽ ጠገብሁ፣ ጣፈጠሽ ወይ ቢሉሽ ጣፈጠኝ ትዪ እንደነበር ነገርሽኝ። ከዚያ በኋላ አላነሳሽውም፤ እኔም አልጠየቅሁሽም።

በአርባሽ ቀን ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ዘመዶች እዚሁ ቤት ተቀመጡ። የተናገረችው እትዬ የሺ ናት። ክፋት አልነበረባትም፤ ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጦ ነበር። ወንድ ልጅ አያሳድግም፤ ወንድ ያስተምራል፣ ይቀጣል፣ ማን ያበላል አለች። ጽጌን እሷ ሸዋ በር ካለው ቤቷ ልትወስዳት፣ ተክሌ አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ ዘንድ ሊሄድ፣ ብርቄን ደግሞ ድሬ ጠያራ ያለው አጎታችሁ ከነሚስቱ ሊያሳድጋት ተማከሩ። እንደ ተዝካር ዳቦ ሦስት ቦታ ተቆረሱ ማለት ነው። እኔ ተነሥቼ ቃልሽን ነገርኳቸው። አለቀስሁም፤ በሰው ፊት አለቀስሁ። በመጨረሻ እትዬ የሺ እስከ ፋሲካ ትታገሠኝ ዘንድ ተስማማች። ሁዳዴን አብልቼ በደኅና ካወጣኋቸው ዝም ልትል፣ ከከሱና ከገረጡ ግን ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ልትወስዳቸው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ማድቤት ገባሁ። እስከዚያ ቀን እዚያ የምገባው ለምን እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ለቀለሜ ጥላሸት ልፍቅ። ድስቱን ገልብጬ ከቂጡ ፍቄ፣ ጥላሸቴን በወረቀት ጠቅልዬ እወጣለሁ። ድስቱ ውስጥ ምን እንደነበረ አይቼ አላውቅም። «ከድስቱ የምትፈልገው ጥቁሩን ብቻ ነው» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። እውነትሽን ነው።

ጎረምሳ ሆኜ በዜማ ቤት ሳለሁ ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ በሶዬን በጥብጬ ኖሬያለሁና ለጾም ምግብ ምን ብልሃት ያስፈልገዋል ብዬ ነበር። የአንድ ተማሪ ሆድና የሦስት ልጆች ሆድ አንድ አይደለም ለካ። ሁዳዴ ሲገባ አንቺ እንደምታደርጊው ድስቱን በአመድ ፈገፈግሁ፤ ቅቤ የነካውን ቅልም አውጥቼ ሰቀልሁ። ተክሌና ብርቄ ለጾም እንዳልደረሱ አውቃለሁ። ግን በቤታችን ያለው ድስት አንድ ነው፤ የወተት ላም እንደሌለንም አንቺ ታውቂያለሽ። የጾመም ያልጾመም ከአንድ ድስት ሲበላ ነው የኖርነው።

ብራና የሚጻፈው በፀሐይ ነው። ማለዳ ከቅዳሴ በፊትም በኋላም ካልጻፍሁ ሥራዬ አይወጣም። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ፣ ጭራሮም የማይፈጅ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። እንጀራውን ከገበያ አመጣሁ፤ መጋገሩን አልሞከርሁትም፣ እሱን እንኳ ይቅር በይኝ። ወጡን ግን ከራሴ ጋር ተማክሬ አሰናዳሁ። ምስሩን ማታ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ሁለት ሦስቴ መፍላት ይበቃዋል። ስኳር ድንች ከእነ ልጣጩ ቀቅዬ በየእጃቸው አስይዛለሁ፤ እሱ ወጥም ሰሐንም አይፈልግም። ሱፉን አንቺ እንደምትወቅጪው ወቅጬ፣ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ እንጀራ ስፈተፍትበት ተክሌ ወተት ነው ብሎ ጎረቤት ሄዶ አወራ። በጾም ወተት ይጠጣሉ ተብለን ልንታማ ምንም አልቀረንም። ሽሮውን ግን ሦስት ቀን አጓጎልሁት። ውሃው ሳይፈላ እጨምረዋለሁ፤ ይጓጉላል፤ በማማሰያ አሳድደዋለሁ። አንድ ሆሄ ሳልሳሳት ስንት ዳዊት የጻፍሁ ሰው ሽሮ አቃተኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጨው ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ልጆቹ የሚበሉት ረፋድ ላይ ነው። የማበስለውን አልቀምሰውም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ወጡን ለእነሱ ትቼ እንደ ተማሪነቴ በሶ እበጠብጣለሁ። ምን ያህል ጨው እንደያዘ የማውቅበት ነገር አልነበረኝም። ትዝ የሚለኝ በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ለአንቺ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው አነሰ። ስለዚህ እንዳያንስ አብዝቼ ጨመርሁ። ከዚያ ጽጌን ጠርቼ በጭልፋ አቀምሳታለሁ። «ጥሩ ነው አባባ» ትለኛለች። ተክሌን እጠይቃለሁ፤ ጥሩ ነው። ብርቄ እንኳ፣ ያኔ የምታውቀው ጥቂት ቃል ሳለ፣ «ጡ ነው» አለችኝ። እኔም በልቤ ኮራሁ። እትዬ የሺ ይህን ብትሰማ ብዬ ተመኘሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ልጆቹ ከሱ። የብርቄ ክንድ በእጄ ውስጥ ቀለለኝ። ገበታው ላይ ጥቂት ነክሰው ይነሣሉ፤ እኔ ከናፍቆትሽ ነው ብዬ አሰብሁ። እናት የሞተችበት ልጅ ምን አፍ አለው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አየሽ፣ ያንቺን ሞት ለወጤ ምክንያት አደረግሁት።

ያወጣኝ ማን እንደሆነ ብነግርሽ ደስ ይልሻል። አይ ኻዲጃ ናቸው፤ ከግንባችን ማዶ ያሉት፣ ቅርጫት ሰፍተው የሚሸጡት። ልጆቻቸው በቋንቋቸው እናት ለማለት «አይ» እያሉ ሲጠሯቸው አንቺም ሰምተሽ አይ ትያቸው ነበር፤ እኔም ከአንቺ ወረስሁት። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው አስጠሩኝና፣ ልጆቼ በየቀኑ ረፋድ ላይ ከእሳቸው እንስራ ውሃ ለመጠጣት እንደሚሰለፉ ነገሩኝ። ለውሃው ሳስተው አይደለም፤ ውሃ በዚህ ከተማ እንዴት በጀርባ እንደሚመጣ ብታውቂም እሳቸው ለልጅ ሳስተው አያውቁም። ያሳሰባቸው ሌላ ነው። «ወላሂ፣ ከሰው ቤት የወጣ ልጅ ሳይሆን ከበረሃ የመጣ ግመል ነው የሚመስሉት፤ ምንድነው የምታበላቸው?» አሉኝ። እኔም እየተቆጣሁ ከድስቱ የተረፈውን ምስር አምጥቼ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸውን አዞሩ። ሄደው ውሃ አመጡ።

ጽጌን ጠርቼ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ጥሩ ነው አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት። ከዚያ እንደዚያች ዕድሜ ልጅ ሳይሆን እንደ ትልቅ ሴት ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። በአርባሽ ቀን ከመጋረጃው በስተኋላ ቆማ ሁሉን ሰምታ ኖሯል። ወንድ አያበላም የተባለውን፣ ሦስት ቦታ የሚላኩ መሆናቸውን። አባታችሁ ያበላችኋል ወይ ቢሏት አዎን ልትል ወስና፣ ታናናሾቿን ሰብስባ በአንቺ አስምላቸዋለች። «በእማዬ ሞት፣ ጨው በዛ እንዳትሉ» ብላ። የአምስት ዓመቱ ልጅ በስምሽ ምሎ ያን ጨው ሲውጥ ሰነበተ። የሦስት ዓመቷም።

አስካለ፣ በዚያን ሰዓት ከመሬት በታች የነበርሽው አንቺ ሳትሆኚ እኔ ብሆን ወደድሁ። የፈራሽው ነገር በጓሮ በር ገብቶ ቤቴ ተቀምጦ ነበርኮ። ልጆቼን አልበተንሁም፤ ግን በገዛ ቤታቸው የሰው ቤት ልጆች አድርጌያቸው ነበር። ጠገብሽ ወይ ሲሏት ጠገብሁ የምትለዋ አስካለ በጽጌ ቦታ ተቀምጣ አየኋት።

አይ ኻዲጃ በማግስቱ መጥተው ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ዱካ አስመጥተው ተቀመጡ። ወንድ ማድቤት ገባ ብለው አልሳቁብኝም፤ ሽንኩርት አከታተፌን ሲያዩ ብቻ አንድ ጊዜ «ያ ረቢ» አሉ። ለካ የእኔ ጭንቅ ለእሳቸው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። በረመዳን ከንጋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው ለስንት ሰው ማፍጠሪያ ያበስላሉ፤ ጨዉን ማን ይቀምስላቸዋል? «በጾም የሚያበስል ሰው በእጁ ነው የሚቀምስ» አሉኝ። መዳፌን አስዘርግተው ጨው አፈሰሱበት። ለአንድ ድስት ወጥ የመዳፌ መሐል መስመር እስኪሸፈን፣ ከዚያ አያልፍም። ለትንሿ ድስት በሦስት ጣት የሚያዘው ብቻ። ለምስር ከፈላ በኋላ፣ ለጎመን ሊወርድ ሲል። ቀሪውን በእንፋሎቱ አውቃለሁ፤ ጨው ያልነካው ወጥ እንፋሎቱ ጥሬ ዱቄት ይሸታል። ሦስት ቀን ልክ ጽሕፈት እንደሚማር ልጅ እጄን እየያዙ አስጨመሩኝ።

እኔም በሦስተኛው ቀን የሱፍ ፍትፍት በሰሐን አቀረብሁላቸው፤ ቢስሚላህ ብለው በሉልኝ። ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ የእነሱ ቢላዋ ያረደውን እኛ አንበላም፣ የእኛ ያረደውን እነሱ አይበሉም። ጎመንና ሽሮ ግን ማንንም ከማንም አይለይም። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ከእሳቸው ጋር በግንቡ ላይ ሰሐን ስትቀባበዪ ለምን በሁዳዴ እንደሚበዛ ያኔ ገባኝ።

ሌላም የገባኝ ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። አንቺም ትጾሚ ነበር። ዘጠኝ ሁዳዴ፣ ዘጠኝ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርቡን ሁሉ አንቺም እንደ እኔው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍሽን ይዘሽ ነው ያበሰልሽው። ሳትቀምሺ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀርቦ ይጠብቀኛል፤ አንድ ጉርሻ አነሣለሁ፤ ጨው አነሰ እላለሁ። አንድ ጊዜም፣ እንግዳ ባለበት፣ ገበታውን በእጄ ገፋ አደረግሁት። ትዝ ይልሻል? እኔ ረስቼው ነበር፤ መዳፌ ላይ ጨው ሲፈስስ ነው የመጣብኝ። አንቺ ጨዉን በዚያች አፏ በተሸረፈ ቅል አምጥተሽ አጠገቤ አስቀመጥሽ፤ «ለራስህ እንደሚጥምህ አድርግ» አልሽኝ፤ ፊትሽም አልከፋም። አልቀመስሁትም ማለት አላቃተሽም። ለምን አላልሽኝም? እንዳላፍር ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳልል አላወቅሁም ነበር፤ ሳላውቅ ዘጠኝ ዓመት። ይህን ጸጸት የት ልውሰደው? አፈርሁ አስካለ፤ ይቅር በይኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ መለስ አለ። ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጬ፣ ወይም ስኳር ድንቹን ቀቅዬ፣ ወይም ከማታው የተረፈ ንፍሮ አሙቄ አቀርባለሁ። ረፋድ ላይ ምስር፣ አልያም ድንች አልጫ፤ ዱባ በገበያ ሲረክስ ዱባ። ተልባ ፍትፍት ብርቄ እንደ ጉድ ወደደችው፤ ፊቷን ሁሉ ተቀብታው እንደ ጀበና ትወዛለች። ሽሮዬም መጓጎሉን ተወ። በዝማሬው ሰዓት ጓደኞቼ «ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለህ» ብለው ቀለዱብኝ፤ አዎን፣ ቤቴ ሦስት ልጆች አሉ አልኳቸው። የብርቄ ክንድም ሞላ። አይ ኻዲጃ እንስራቸው ሞልቶ መዋል እንደጀመረ ነግረውኝ አልሃምዱሊላህ አሉ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። መሐላችሁን ፈትቼዋለሁ፣ ጨው በዛ ያለ ልጅ የትም አይሄድም ብዬ ብነግራቸውም ጽጌ አላመነችኝም። በጭልፋ ሳቀምሳት ዓይን ዓይኔን እያየች ያው ቃሏን ትደግማለች፤ ጥሩ ነው አባባ። አሁን እውነትም ጥሩ ነበር፤ ቃሉ ግን ያው የፍርሃት ቃል ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አሥር ቀን ሲቀረው ልቤ የሚያስበው ይህንን ብቻ ነበር። እትዬ የሺ ሥጋቸውን ዓይታ ብትተዋቸው እንኳ፣ ልጄ ቤቷ መሆኑን ሳታውቅ ልታድግ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አሰናዳሁ። ባቄላውንና ስንዴውን ከረቡዕ ማታ ዘፍዝፌ፣ ጠዋት ጥጄ፣ የበሰለ እስኪመስለኝ ጠበቅሁ። የጉልባን ችግር ጨው ብቻ ነው፤ ከጨው በቀር የሚያጣፍጠው ብዙ ነገር የለውም። እጄን ዘርግቼ ልጨምር ስል በሩ ተንኳኳና እትዬ የሺ ገባች። ትመጣለች ያልኩት ከፋሲካ በኋላ ነበር። አልተቀመጠችም፤ ማድቤቱ ደጃፍ ቆማ እጄን ታየኛለች። ያኔ ስንት ቀን የተማረው እጄ ከዳኝ። እንዳይበዛ ፈራሁና ጥቂት ብቻ በጣቶቼ ቆንጥሬ ክዳኑን ገጠምሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ገበታው ዙሪያ ተቀመጥን፤ እኔ፣ እትዬ የሺ፣ ሦስቱ ልጆች። ጸሎት አድርጌ አቀረብሁ። ጽጌ ከሁሉ ቀድማ አፈሰች፤ ስግደቱ አድክሟት በጣም ርቧት ነበር። አንድ አፍ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ አክስቷ ፊት፣ እኔ እያየኋት፣ «ኧረ አባባ፣ ምንም ጨው የለውምኮ! የእማዬ እንዲህ አልነበረም» አለች። ተክሌም ወዲያው «አዎ፣ የለውም» አለ። ብርቄ ደግሞ ሰሐኗን ገፋችው።

ጽጌ የተናገረችው ለራሷ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ አላፍርም ልንገርሽ፤ በቃ፣ አለቀ፣ በትኛቸዋለሁ አልሁ በልቤ። በአርባሽ ቀን የለመንሁት ልመና፣ ስንት ማለዳ የፈላ ምስር፣ ሁሉም በአንዲት ቁንጥር ጨው ሄደ አልሁ። ጽጌን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እትዬ የሺ ከጉልባኑ አፍሳ ቀመሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። «እውነቷን ነው» አለች። ተነሥታ ራሷ ወደ ማድቤት ገብታ ያቺን የተሸረፈች ቅል ይዛ ተመለሰችና በጉልባኑ ላይ ነስንሳ በእጇ አማሰለች። ከዚያ ቅሏን እንደያዘች ተቀመጠችና እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ለልጆቹ ሳይሆን ለእኔ ነው የተናገረችው። «እኔና እኅቴ ባደግንባቸው ቤቶች ጨው አነሰ ብለን አናውቅም» አለች። «አሥር ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ። ልጅ ጨው አነሰ የሚለው በአባት በእናቱ ቤት ነው።» ለጽጌ እንደገና አፍሳ አቀበለቻት፤ «ብዪ አሁን፣ እስቲ ተቆጪ፣ ደግሞ ምን ጎደለው?» አለቻት። ጽጌም ትንሽ አሰበችና «ትንሽ ጠጥሯል» አለች። እውነት ነው፤ ባቄላው ጠጥሮ ነበር።

ሦስቱም አሉ አስካለ። አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እትዬ የሺ በፋሲካ መጥታ ዶሮውን ሠራችልን፤ እሱን እኔ አልደፈርሁትም። ስትሄድ ጽጌን ለሁለት ቀን ብቻ ወስዳ መለሰቻት፤ እሷም የአክስቷ ወጥ በርበሬው እንደበዛ እየተማረረች መጣች። ተክሌ አሁን ፊደል ይዟል፤ «ሀ» ብሎ ጀምሮ ራብዕ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። የብርቄ አፍ ከእንግዲህ አይያዝም። ሦስቷን ሎሚ ተካፍለዋታል፤ ለእኔ የቀረ ነገር የለም። ይኸው ዛሬ ጠዋት ሽሮው ቀጠነ፣ እንጀራው ኮመጠጠ፣ ድንቹ አልበሰለም ብለው ሦስቱ ተባብረው ወቀሱኝ። ማድቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስሁ፤ ከደስታ ነው።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ቀለም ከድስትሽ ቂጥ የተፋቀ ነው። እንደ ድሮው ፍቄ፣ በጥብጬ አዘጋጀሁት። ልዩነቱ ድስቱን ያጠቆርሁት እኔው ራሴ መሆኔ ነው፤ ከድስቱም አሁን የማውቀው ጥቁሩን ብቻ አይደለም።

ከእንግዲህ በየጸሎተ ሐሙሱ ጉልባን ሲቀርብ ከሁሉ በፊት ስምሽን ጠርቼ ነው እጄን የምዘረጋ። ልጆቹ ሲያድጉ እናታቸው ሳትቀምስ እንዴት ታጣፍጥ እንደነበር እነግራቸዋለሁ፤ ጽጌንም፣ ብርቄንም፣ ተክሌንም መዳፋቸውን አስዘርግቼ አስተምራቸዋለሁ፤ ወንድ ነው ብዬ እሱን አልተወውም። የገፋሁትን ገበታ ደግሞ እስክሞት አልረሳውም።

የእኅትሽን ቃል ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ እሱ ብቻ ያሳርፈኛል። እኔም እናቴ በልጅነቴ ሞታብኝ በዜማ ቤት በሰው በር ለምኜ ያደግሁ ነኝ፤ የተሰጠኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ስበላ ኖሬ፣ በሕይወቴ ጨው አነሰ ያልሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ላንቺ።

የልጆችሽ አባት